አሮጌ ጽሕፈት በአዲስ ኮምፒዩተር
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የመሥሪያ ቤት መዝገብ የሕዝብ አደራ ነው። የአንድ ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን፣ የአንድ ገበሬ የይዞታ ድንበር፣ የአንዲት ባልቴት የጡረታ መብት የሚረጋገጠው በመዝገብ ነው። በዲላም ሆነ በይርጋ ጨፌ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ ከ20 ዓመት በፊት በኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ሲከፈት የአማርኛው ፊደል ቀርቶ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆ ሊታይ ይችላል። ይህን ያየ ጸሐፊ «መዝገቡ ተበላሽቷል» ብሎ ሊሰርዘው ይነሣል። ብዙውን ጊዜ ግን ጽሕፈቱ እንዳለ አለ፤ የጎደለው ማንበቢያው ብቻ ነው።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። በቀድሞው ዘዴ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ የፊደል ሥፍራ ነበረው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሥፍራው አይበቃም። ስለዚህ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና እነርሱን የመሰሉት ፕሮግራሞች በየራሳቸው ስልት ፊደላችንን በላቲኑ ሥፍራ ላይ አሰፈሩት። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ሥፍራ ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። አስቀድሞ የተጻፈው ግን በአሮጌው ስልት እንደ ተቀመጠ ቀረ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ፋይሉ ይገልበጥ፤ ሥራውም በግልባጩ ላይ ብቻ ይሁን። ቀጥሎ ምልክቱ ይለይ። የላቲን ፊደል ድብልቅ ከታየ፣ ጽሕፈቱ የተጻፈበት የቀድሞው ፎንት ይጫን። ባዶ ሣጥን ብቻ ከታየ፣ ኮምፒዩተሩ የዩኒኮድ ፎንት የለውምና እርሱ ይጫንለት። የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ አሮጌው ፕሮግራም የዩኒኮዱን ፊደል መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ «ሴቭ» ከተደረገ ፊደሉ ተመልሶ አይገኝምና ሳያስቀምጡ መዝጋት ይገባል።

የአሮጌው ፕሮግራም ገጽታ ራሱ ከተዛባ፣ በኮንትሮል ፓነል «ሪጅን» የሚለውን ከፍቶ፣ «አድሚኒስትሬቲቭ» በሚለው ክፍል ዩኒኮድ ለማያውቁ ፕሮግራሞች የተመደበውን ቋንቋ መመልከት ነው። እዚህ ላይ አማርኛን መምረጥ ተገቢ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም እነዚያ ፕሮግራሞች በላቲኑ ሥፍራ ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ የሚስማማቸው እንግሊዝኛ ነው። በአዲሶቹ ዊንዶውሶች በዚያው ሥፍራ «ዩቲኤፍ 8» የሚለው የሙከራ ምርጫ በርቶ ከተገኘ ይጥፋ፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ እንደገና ይከፈት።

በጌዴኦ ዞን ላሉ ጸሐፊዎች አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። የጌዴኦ ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲገኙ ጽሑፉን በሙሉ መርጦ የቀድሞውን የግዕዝ ፎንት ማልበስ የጌዴኦኛውን ቃል ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ያደርገዋል። ስለዚህ የሚመረጠው የአማርኛው ክፍል ብቻ ይሁን።

ጽሕፈቱ ከተነበበ በኋላ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ ይቀመጥ፤ ስሞችና ቁጥሮችም ከታተመው ቅጂ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ። አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ከነፎንታቸው ሳይወገዱ ይህን መፈጸም ይቀላል፤ አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉትም ለዚህ ለዚህ ነው።