የፍሬን እጀታ ዋጋ በምን ይመዘናል?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ዛሬ ከበጀት ጥያቄያችን ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ይዘን ቀርበናል። «የፍሬን እጀታ፣ ብዛት 8» ትላለች። ከሁሉም ትንሿ ወጪ ናት፤ ሆኖም «ርካሽ እያለ ለምን ውዱን?» የሚል ጥያቄ ከአባላት ደርሶናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማኅበሩ ገንዘብ ከየመቀነታችን የተፈታ ነውና ምክንያቱን ማወቅ መብታችሁ ነው።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗን የምነግራችሁ እኛ አይደለንም። እንጀራና ዳቦ ለደንበኞች ለማድረስ ያገኘናቸው አራት አሮጌ ብስክሌቶች ግን የእሽቅድምድም ናቸው። መሪያቸው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መንዳትን ይጠይቃል። ይህ ቀሚስ ለለበሰችና ከኋላዋ ጭነት ለያዘች ሴት አይመችም። ስለዚህ ቀጥ ያለ መሪ እያስገጠምንላቸው ነው። መሪው ሲለወጥ እጀታውም መለወጡ ግድ ነው። የታጠፈው መሪ ውፍረት በተለምዶ 23.8 ሚሊ ሜትር፣ የቀጥተኛው 22.2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ እጀታ ለሌላው አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለቀጥተኛ መሪ የሚሸጡ እጀታዎች መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ገበያው ላይ የሚበዛው ለተራራ ብስክሌት፣ ቸርኬውን በሁለት ረጃጅም ክንዶች ለሚይዘው ቪ ፍሬን የተሠራው ነው። ሲጨበጥ ሽቦውን ብዙ ይስባል። ሁለተኛው እንደ እኛዎቹ ከጎማው በላይ በአንድ ብሎን ለታሰረ ፍሬን የተሠራ ሲሆን፣ ሽቦውን የሚስበው የዚያኛውን ግማሽ ያህል ነው።

«ብዙ መሳቡ አይሻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ድንጋይ በዘንግ ስንፈነቅል እናስታውስ። እጃችን ብዙ ተጉዞ ድንጋዩ ትንሽ ሲነቃነቅ ሥራው ይቀላል። በዚያው የእጅ ጉዞ ድንጋዩ ብዙ እንዲሄድ ከፈለግን ግን ይከብደናል። እጀታም እንዲሁ ነው፤ ሽቦ ብዙ የሚስበው ጉልበታችንን ይቀንሰዋል። ቪ ፍሬን የተቀነሰውን በረጃጅም ክንዶቹ ይመልሳል። የእኛ ፍሬን ግን አይመልስም።

የሚያሳስበን ደግሞ ጉድለቱ ሱቅ ውስጥ አለመታየቱ ነው። የማይስማማው እጀታ ሲጨበጥ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ የጠነከረ ፍሬን ደግሞ ጥሩ ይመስላል። እውነቱ የሚታወቀው ጭነት ይዘን ከቤዛዊት ቁልቁል ስንወርድ፣ ወይም ከፊታችን ያለው ባጃጅ ሰው ለመጫን ድንገት ሲቆም ነው። ክረምት ላይ ቸርኬው ስለሚረጥብ ፍሬኑ ለመያዝ ይበልጥ ይዘገያል።

«እንግዲያው ፍሬኑን ራሱን በቪ ፍሬን እንለውጠው» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ቪ ፍሬን ግን በብስክሌቱ አካል ላይ የተበየደ መቀመጫ ይፈልጋል። የእኛዎቹ ይህ የላቸውም።

ስለዚህ የግዥ ጥያቄው ላይ «የፍሬን እጀታ» ብለን ብቻ ሳይሆን ሦስት ነገር ጨምረን ጽፈናል። አንደኛ፣ ሽቦ በአጭሩ የሚስብና ከፍሬናችን ጋር የሚስማማ ይሁን። ሁለተኛ፣ እጀታውን ወደ መሪው የሚያቀርብ ማስተካከያ ብሎን ይኑረው፤ የብዙዎቻችን ጣት አጭር ስለሆነ ርቆ የቆመ እጀታ ላይ የሚደርሰው የጣታችን ጫፍ ብቻ ነው፣ በጣት ጫፍ ደግሞ ጉልበት የለም። ሦስተኛ፣ በአራቱም ብስክሌቶች ላይ የፊቱ ፍሬን በግራ፣ የኋላው በቀኝ እጅ ይሁን። ብስክሌቶቹን በፈረቃ ስለምንነዳ፣ በድንጋጤ ጊዜ እጅ የለመደውን ነው የሚጨብጠው። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ በኃይል የጨበጠች በመሪው ላይ ልትወረወር ትችላለች።

ፕሮፎርማ ስንሰበስብ ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል የምንለው ዕቃው አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ርካሹ እጀታ ለእኛ ብስክሌት ሌላ ዕቃ ስለሆነ ከውድድሩ ውጭ ነው። የዋጋው ልዩነት በሁለት መስመር ተጽፎ ያልቃል። የአንዲት እናት እጅ ቢሰበር ግን የሕክምናው፣ የቀረው የሥራ ቀንና የልጆቿ ጉሮሮ ወጪ በየትኛው ሣጥን እንደሚመዘገብ አናውቅም።

እጀታዎቹ ሲገጠሙ እያንዳንዷ ነጂ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እንድትፈትሽ እንጠይቃለን። ከብስክሌቱ ጎን ቆማችሁ የፊቱን ፍሬን ጨብጡና ብስክሌቱን ወደፊት ግፉ፤ ጎማው መዞር የለበትም። የኋላውንም እንዲሁ አድርጉ። እጀታው መሪውን ከነካ፣ ወይም ጨብጣችሁ ጎማው ከዞረ፣ ጭነት አትጫኑ፤ ለጠጋኙ አሳዩት።

መስመሯን እንድታጸድቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን።