ጓሮአችንን ማን በላው? መርዝ ከመግዛታችን በፊት

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው መገኘት ላልቻሉ እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባችን ስለ ጓሮ አትክልታችን መበላት ብዙ ተብሏል። በመጨረሻም ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቶ መርዝ ይገዛና በአንድ ሌሊት በየጓሮው ይበተን የሚል አሳብ ቀርቦ ውሳኔው ለዛሬ ተላልፏል። አሳቡን ያቀረባችሁት በቅን ልቡና መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እኔ በበኩሌ የምቃወም መሆኔን ከወዲሁ ልናገር። ተቃውሞ ብቻ ይዤ እንዳልመጣም በምትኩ ምን ማድረግ እንደምንችል እገልጻለሁ።

ጉዳቱ ቀላል ነው የሚል የለም። መንደራችን በእንጦጦ ሥር ነው፤ በላያችን ደኑ፣ በታችን ወንዙ አለ። ድንቹና ጎመኑ ለአንዳንዱ ቤት የወጥ ማሟያ ሳይሆን ራሱ ምሳው ነው። ከወንዙ አፋፍ ያሉት እናታችን ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት ከዚያችው መደብ በሚሸጡት ድንችና ቀይ ሥር ነው። ሁለት መስመር ድንች በአንድ ሌሊት ተቆፍሮ ሲያድር ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውን መጠየቅ ነው። ስለዚህ «እንስሳ ነው፣ ይብላ፣ ምን ይደረግ» ብሎ ነገር የለም።

ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን በላው የሚለው ነው። ባለፈው ጊዜ አንዱ አይጥ ነው ሲል፣ አንዱ ጃርት፣ ሌላው ጦጣ ነው ሲል ነበር። ሁላችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ለሁሉም አንድ መድኃኒት የለም።

ጠዋት ወደ ጓሮ ስትወጡ ከመቆጣታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። የጎመኑ ቅጠል ተቦጭቆ፣ ጠርዙ ተተልትሎ ካገኛችሁት ድኩላ ሳይሆን አይቀርም። ድኩላ እንደ በግና እንደ ፍየል ሁሉ በላይኛው መንጋጋው የፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ቆርጦ ሳይሆን ጎትቶ ነው የሚበላው። ግንዱ በምላጭ እንደተቆረጠ ያህል ሰያፍ ሆኖ፣ ያውም ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ከተቆረጠ ደግሞ የጥንቸል ሥራ ነው። ድንቹ ተቆፍሮ ፍርፋሪው ዙሪያውን ከተበተነ፣ አጠገቡም ጥቁርና ነጭ እሾህ ከወደቀ ጃርት ነው። ተክሉ ከላይ ምንም ሳይነካ ጠውልጎ፣ ሳብ ስታደርጉት ያለ ሥሩ እጃችሁ ላይ ከቀረ ፍልፈል ነው፤ በአካባቢውም አዲስ የአፈር ጉብታ ታያላችሁ። ጦጣ እንኳ ምርመራ አያሻትም፤ በጠራራ ፀሐይ በቆሎውን ግማሹን በልታ ግማሹን ጥላ፣ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ታያችኋለች።

አሁን ወደ መርዙ ልምጣ። የአይጥ መርዝ አንድ ዓይነት አይደለም። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሲዋጥ ከጨጓራ አሲድ ጋር ተገናኝቶ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። የራሱ የሆነ ማርከሻ የለውም። ሌላው ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። አይጧ በዚህ የምትሞተው ከቀናት በኋላ ነው፤ እስከዚያው እየተንገዳገደች ስትሄድ ድመት ይይዛታል፣ ጉጉት ይነጥቃታል። መርዙ በጉበቷ ውስጥ ስለሚቆይ የበላትም ይጎዳል። እንግዲህ አይጥ የሚያድንልንን ጉጉት ገድለን አይጥ ማርባታችን ነው።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን ነው። «በፍልፈሉ ጉድጓድ ሁለት ክኒን ጥሎ በአፈር መድፈን ነው» ያላችሁ ነበራችሁ። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያንኑ ፎስፊን ይለቃል። የእኛ ጓሮ ስፋቱ ስንት እርምጃ ነው? የፍልፈሉ ጉድጓድ ከቤታችን መሠረት ሥር እንደማያልፍስ ማን ዋስ ይሆናል? ጋዙ በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ ልጆች ወደ ተኙበት ክፍል ሊደርስ ይችላል። እባካችሁ፣ በዚህ ነገር ላይ ክርክር አልፈልግም። ክኒኑ በቤቱ ያለ ሰው ከልጅ እጅ አርቆ፣ ቆልፎ፣ ከእርጥበት ይጠብቀው።

ደግሞስ የምንበትነው መርዝ ጥፋተኛውን ያገኘዋል ወይ? ድኩላው ቅጠል ፈልጎ፣ ፍልፈሉ ከመሬት በታች ሥር ፈልጎ ነው የመጣው። መርዙን ቀድሞ የሚያገኘው የጎረቤት ዶሮ፣ ውሻ፣ ምናልባትም ገና የሚድህ ሕፃን ነው። የሞተውን የሚበላው ጥንብ አንሳም አለ። በከተማችን ሰማይ የምናያት ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አእዋፍ መካከል ተመዝግባለች፤ ለአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች ማለቅ ከዋነኞቹ ምክንያቶችም አንዱ መርዝ ነው። የሕጉንም ነገር መርሳት የለብንም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል።

ምን እናድርግ ካላችሁኝ፣ ከፍልፈል ልጀምር። ፍልፈል ብቻውን የሚኖር ፍጥረት ነው። አሥር ጉብታ አይታችሁ አሥር ፍልፈል አለ አትበሉ፤ ሁሉም የአንዱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱ ተከፍቶ እንዲያድርም አይወድም፤ መልሶ ይደፍነዋል። አመሻሽ ላይ አንዱን ቦታ ክፈቱና ተዉት። ጠዋት ተደፍኖ ካገኛችሁት ባለቤቱ አለ፤ ካልተደፈነ አሮጌ ጉድጓድ ሊሆን ይችላልና በከንቱ አትድከሙ። ገጠር ያደጋችሁ አባቶች ወጥመድ የምታጠምዱበት ዘዴ በዚሁ ጠባዩ የተመሠረተ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ዘላቂው ግን መደቡን ከሥር መዝጋት ነው። አፈሩን እስከ ጉልበት ድረስ አውጥታችሁ፣ ዓይኑ ጠበብ ያለ ወንፊት ሽቦ ከታች አንጥፋችሁ፣ በጎንም ሽቅብ አጥፋችሁ አፈሩን መመለስ ነው። ሥራው ያለፋል፤ ነገር ግን አንዴ ከተሠራ ለብዙ ዓመት ነው። ሽቦ መግዛት ለማይችል ቤት አሮጌ ጎማ፣ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም ጆንያ አለ። ጀሪካኑን ከሥሩ ለውሃ መውጫ ብሱት። ጆንያውን ግን በባዶ መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ፍልፈል የሚቆፍረው በፊት ጥርሶቹ ነውና ጆንያ አያቅተውም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ደልድሉለት።

ጃርት የሌሊት እንስሳ ነው። እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል የሚባለው ሐሰት ነው፤ እሾሁን አቁሞ ወደ ኋላው ይንደረደራል እንጂ አይወረውርም። ውሻችሁን ግን አትልቀቁበት፤ የሚጎዳው ውሻው ነው። የሚመላለሰው ባወቀው መንገድ ስለሆነ መግቢያውን ማግኘት አያዳግትም፤ ከአጥሩ ሥር የተደመጠጠ ጎዳና ትታያለች። እዚያ ላይ እንጨት ብትጋርዱበት ይቆረጥመዋል፤ አጥንት እንኳ ወደ ዋሻው ወስዶ የሚያኝክ ፍጥረት ነው። የሚያዋጣው ቆርቆሮ ነው። ከመሬት በታች አንድ ክንድ ያህል ይቀበር፣ ከላይም እስከ ወገብ ይድረስ። ድንች ደግሞ ከደረሰ በኋላ መሬት ውስጥ አታቆዩት። የአቮካዶ ችግኝ ያላችሁም ግንዱን በቆርቆሮ ቁራጭ ክበቡት፤ ልጣጩን ዙሪያውን ከበላው ዛፉ አለቀለት።

ለድኩላ ከሰው ቁመት ያላነሰ አጥር እንጂ ሌላው ማዘግያ ነው። አጋም የተከላችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ። ጤና አዳም በዙሪያው ቢተከል ሽታው ያባርራል የሚሉ አሉ። ለቡናችን ይሁን እንጂ አጥር አይሆንም። ሚጥሚጣ በውሃ በጥብጦ ቅጠል ላይ መርጨት ለጥንቸልና ለድኩላ በበጋ ጥቂት ቀን ሊረዳ ይችላል፤ ክረምት ላይ አንድ ዝናብ ያጥበዋል። ለወፍ ደግሞ በከንቱ ነው፤ ወፍ ሚጥሚጣ አያቃጥላትም። ለእሷ መረብ ነው።

የጦጣው ነገር ግማሹ የእኛው ሥራ ነው። ሙዝ እየወረወርን ልጆችን የምናስቅ እኛ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ በየአጥሩ ሥር የምንደፋም እኛ። ይህ ይቅር። በቆሎው እሸት በሚሆንበት ሰሞን ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ በተራ ይጠብቁ፤ ማስፈራሪያውንም በየቀኑ ቦታ ቀይሩለት፣ ጦጣ ሞኝ አይደለችም። ልጆች ግን ከሩቅ ይጩኹባት እንጂ አይቅረቧት። የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለመርዝ ሊዋጣ የታሰበው ገንዘብ ለወንፊት ሽቦ ይሁን። ጃርቱ የሚወጣው ከወንዙ በኩል ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ከሚያጥር፣ የወንዙን አፋፍ በጋራ በቆርቆሮ እንዝጋ። አንዱ አጥሮ ጎረቤቱ ክፍት ከተወ ጃርቱ በዚያው ዞሮ ይገባል። ሥራውን ከእናታችን መደብ እንጀምር፤ የእሳቸውን ጉድጓድ ወጣቶቹ ቆፍረው ይጨርሱ። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ዶማና አካፋ ይዘን ከድልድዩ አጠገብ እንገናኝ። አሮጌ ቆርቆሮ ያላችሁ፣ ዝገት ቢኖረውም ግድ የለም፣ እስከ ዓርብ ማታ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።