“ሕገወጥ” ስንል ማንን ነው?



አዘጋጆቹ ስለ ሕገወጥ ስደትና ስለ ድንበር እንድናገር ሲጠይቁኝ ሃያ ደቂቃ ነው የሰጡኝ። አብሮኝ የተማረ ሰው ያውቀኛል፣ ሃያ ደቂቃ ለሰላምታም አትበቃኝም። ስለዚህ ቀጥታ ልግባ።

ክርክሩ ለማናችንም አዲስ አይደለም። አገር ቤት ያለው ወገን “ልጆቹን የሚያስኮበልላቸው ደላላ ነው፤ ደላላውን ይዞ ድንበሩን መዝጋት ነው” ይላል። አሜሪካና አውሮፓ ያለው ወገናችን ደግሞ፣ አሁን አሁን በየስብሰባው እንደምሰማው፣ “እኔ ወረፋዬን ጠብቄ በሕጋዊ መንገድ ነው የገባሁት፣ ሌላውስ ለምን እንደኔ አያደርግም?” ይላል። ሁለቱንም አልንቅም። አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት የለውም የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፣ እኔም አልልም። የኔ ጥያቄ ትንሽ ወዲህ ቀረብ ያለች ናት። “ሕገወጥ” ስንል ማንን ነው? ያ ሰውስ ሕገወጥ የሆነው የት ቦታ ላይ ነው?

ሳዑዲ ዓረቢያ የሰጠችው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲያበቃ አሰሳው ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። እኔም ያኔ ቦሌ ላይ ተመላሾችን ከሚመዘግቡት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነበርኩ። ቅጹ ላይ “አሄዳችሁ በሕጋዊ ነው ወይስ በሕገወጥ?” የምትል መስመር ነበረች፤ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል?

አንዲት ልጅ እግር ከደቡብ ወሎ የሄደች ነበረች። በኤጀንሲ፣ በሁለት ዓመት ውል፣ ፓስፖርቷ ላይ ቪዛ ተመቶ፣ ከዚያው ከቦሌ ነው የተነሳችው። አሠሪዋ ሰባት ወር ደመወዝ ሲከለክላት ከቤት ወጣች። በዚያ አገር በነበረው የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛው መኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማው፣ የተንጠለጠለው በአሠሪው ላይ ነው። ሰውየው “ጠፍታብኛለች” ብሎ ሲያመለክት፣ እነሱ ሁሩብ ይሉታል፣ ኢቃማዋ ውድቅ ሆነ። ልብ በሉ፣ ይቺ ልጅ ድንበር የጣሰችበት ቀን የለም። ሕገወጥ የሆነችው አንድ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ያውም ደመወዟን በመጠየቋ። ቀጥሎ የቀረበው ሰው በዑምራ ቪዛ ገብቶ ጊዜው ያለፈበት ነበር። ሦስተኛው ከኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ የገባ፣ ወረቀት የሚባል ነገር በእጁ ይዞ የማያውቅ። ሦስቱም ተይዘው የተመለሱት በአንድ ስም ነው። እኔ ለመጀመሪያዋ የቱ ላይ ምልክት ላድርግ? “ሕጋዊ” ላይ አደረግሁ። የተባረረችበት ምክንያት ደግሞ ሕገወጥ መሆኗ ነው።

በዚያው ጥቅምት መንግሥታችን ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የሚመጣው አስከሬንና የሚሰማው በደል ሕዝቡን አስለቅሶት ነበር። እገዳው ግን በዋናነት የዘጋው በቦሌ በኩል የሚኬደውን፣ ቢያንስ የውል ወረቀት ያለውን መንገድ ነው። ኦቦክ ላይ በር የለም፣ የሚዘጋ ነገርም የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በባሕር የመን የገባው ሰው ቁጥር ወደ 65 ሺህ ወርዶ ነበር። በ2016፣ እገዳው ሳይነሳ፣ የመንም ውስጥ ጦርነት እየነደደ፣ ከ117 ሺህ አለፈ። ሁሉም በእገዳው ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ድርቁም ነበር፣ የመሬት ጥበቱም ነበር። ነገር ግን “በሩን ብንዘጋው ሰው ቤቱ ይቀመጣል” የሚለው ሐሳብ በራሳችን አገር ተሞክሯል፣ ውጤቱንም አይተነዋል።

አንድ ቁጥር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ መንገድ የመን የገቡት ከ138 ሺህ በላይ መሆናቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል። በዚያ ዓመት ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ አውሮፓ ከገባው ሕዝብ ይበልጣል። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የእኛው ሰዎች ናቸው። ስለ ሜዲትራኒያን ስንት ጉባኤ ተደረገ! ስለዚህኛው መንገድ ግን እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ራስ አል ዓራ የሚባለውን የየመን የባሕር ዳርቻ ስም የሰማ ስንት ሰው አለ? በወሎና በሐረርጌ ገጠር ግን እናቶች ያውቁታል። ልጃቸው እዚያ ታግቶ፣ ሲደበደብ ድምፁ በስልክ እየተሰማ፣ በሬ ሸጠው ብር የላኩበት ቦታ ነው።

በመጨረሻው ድንበር ላይ ስለሆነው እንኳ ረጅም ማውራት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በሪፖርቱ አውጥቷል፤ የሳዑዲ መንግሥት መሠረተ ቢስ ነው ብሏል። እዚህ አገር ጉዳዩ የሰነበተው ስንት ቀን ነው? አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። “ድሮስ በሕገወጥ መንገድ ለምን ሄዱ?” የሚል አስተያየት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ያውም ከተማረ ሰው።

የሕግ ትምህርት ቤት መምህራን ታርሙኛላችሁ እንጂ፣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 እንኳ እንዲህ አይልም። አዋጁ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለይቶ ያስቀምጣል፤ የሚቀጣውም ነጋዴውንና አሻጋሪውን ነው። አገራችን የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም የተሻገረው ሰው በመሻገሩ ብቻ በወንጀል አይጠየቅም ይላል። ሕጉ ድርጊቱን “ሕገወጥ” ሲል፣ እኛ በንግግራችን ስሙን ሰውየው ላይ ለጥፈነዋል። ስም አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ የሞተው ሰው ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል።

አሁን ወደ እኛው ወደ ምሩቃኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ቅር የምትሰኙብኝ ትኖሩ ይሆናል።

“ወረፋዬን ጠብቄ” ለሚለው ወንድማችን መልስ አለኝ። ወረፋው የማን ነበር? የአሜሪካው ዲቪ ሎተሪ ለማመልከት ሁለተኛ ደረጃ መጨረስን፣ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድን ይጠይቃል። የትምህርት ዕድሉ፣ ማስተርሱ፣ ኮንፈረንሱ ሄዶ መቅረቱ (ሳቅ) ሁሉም በዲግሪ የሚከፈት ነው። አገር ቤትም እንደዚያው ነበር። እገዳውን ለመተካት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደዋን ልጅ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች መሆን አለባት አለ። ለጥበቃዋ ታስቦ ነው፣ ይገባኛል። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው ግን ቀረች ማለት ነው? አልቀረችም፤ በሱዳን በኩል ሄደች። ግዴታው በ2013 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ቀርቷል፣ ጥሩ ተደርጓል። እኔ የምለው፣ ሕጋዊ የሚባሉት በሮች ሁሉ የተለኩት በእኛ ቁመት ነው። እኛ ጎንበስ ሳንል እንገባለን። ከዚያ ዘወር ብለን፣ በአጥር የሚዘለውን ልጅ “ሥርዓት የለውም” እንላለን።

እኛም እኮ ተቀባይ አገር ነን፤ ይሄ ይረሳል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኤርትራና የሱዳን ስደተኞች በአገራችን አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት ሰጥተናቸዋል፤ ይህን ያላደረጉ ሀብታም አገሮች አሉ። ሶርያውያን ቤተሰቦች ቦሌ መንገድ ላይ እርዳታ ሲለምኑ የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። አንዱ ባለታክሲ “እነዚህን ደግሞ ማን አስገባብን?” ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ከኪሱ አሥር ብር አውጥቶ ሰጣቸው። ክርክሩ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንኳ እንዲህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ድንበር ይከፈት አላልኩም። ከዩኒቨርሲቲያችን የምፈልገው ነገር ግን አለ። ውሉ የሚጻፈው በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የምትፈርመው ልጅ ሁለቱንም አታነብም። ከሳዑዲ ጋር የሥራ ስምምነት በ2009 ዓ.ም. ተፈርሟል፣ እገዳውም በ2010 ተነስቷል፤ ስለዚህ ዛሬ ከሞላ ጎደል መንገድ አለ፣ የጎደለው ውሉን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፤ ተማሪዎቹ ፍቺና የቤት ኪራይ ክርክር ላይ ይለማመዳሉ። በሳምንት አንድ ቀን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ውል የሚያነቡበት፣ “አሠሪሽ ደመወዝ ቢከለክልሽ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ይሄን ይሄን አድርጊ” የሚሉበት ጠረጴዛ ቢኖር ምን ይከብዳል? ዲኑ እዚህ አሉ፣ ትናንት አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ቦታ አለ፣ ለአስተርጓሚና ለትራንስፖርት ነው ገንዘብ ያጠረው ብለውኛል። በሩ አጠገብ ያለው መዝገብ ለዚህ ነው የተቀመጠው፤ ከእራት በፊት ስማችሁንና የምትችሉትን ጻፉበት። ዓረብኛ የምትችሉ ደግሞ ከገንዘባችሁ ይልቅ ቅዳሜያችሁን ነው የምፈልገው።

ጊዜዬን አልፌያለሁ መሰለኝ፣ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው።