ከቀለሙ በታች ያለው ብረት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የእጅ ሥራ ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ያቆምናት ቢስክሌት እንደምታዩዋት ከላይ እስከ ታች አመድ መስላለች። ከመካከላችሁ «ለበዓል ቀን እንኳ ቀለም አጡላትን?» ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስለዚህ ይህች ቢስክሌት እንዴት እንደ ተሠራች፣ ዕቃዎቿ እንዴት እንደ ተመረጡና ቀለሟ ስለ ምን እንደ ዘገየ ባጭሩ ልንገልጽላችሁ እንወዳለን።

ቆቦ ሜዳ ናት። ወደ ወልድያና ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት ለጎማ የተመቸ ነው። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ገጠር ሲዘልቁ ነገሩ ይለወጣል። በበጋ የሆርማት ወንዝ አሸዋ ጎማ ይውጣል፤ በክረምት ጥቁሩ መሬት ጭቃ ይሆናል፤ በማሽላው እርሻ ዳር ደግሞ የግራር እሾህና ኩርንችት ይጠብቃል። ከክፍል ጓደኞቻችን አንዲቱ በዚህ መንገድ 9 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ትመጣለች። ጧት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ቤቷ ስትደርስ ይጨልማል፤ መጽሐፍ ከመክፈቷ በፊት እንቅልፍ ይቀድማታል። በቢስክሌት ግን ይኸው መንገድ ከ45 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ክበባችን ሥራውን የጀመረው ለእርሷና እንደ እርሷ ከሩቅ ለሚመጡት ነው።

ሐሳቡን ያገኘነው ከሩቅ አገር ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጥቂት ወጣቶች የተጣሉ አሮጌ ቢስክሌቶችን መሰብሰብ ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጉት በ1930ዎቹ የተሠሩትን፣ ወፍራም ጎማ የሚገባባቸውን የሽዊን ፋብሪካ ቴላዮዎች ነበር። ፓራፋንጎውንና ጌጡን ሁሉ ፈትተው ይጥላሉ፤ ጠንካራ ፍሬንና ሰፊ መሪ ይገጥማሉ፤ ከዚያም በታማልፓይስ ተራራ የአፈር መንገድ ቁልቁል ይለቋቸዋል። እነዚህን ቢስክሌቶች «ክላንከር» ይሏቸው ነበር፤ ሲሄድ የሚንኳኳ አሮጌ ዕቃ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1976 ጀምሮ በተራራው ላይ ውድድር ሲያደርጉ ከኋላው ጎማ ማዕከል ያለው ፍሬን እጅግ ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው እየጨሰ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ከውድድር በኋላ እንደ ገና ግራሶ መሙላት ግድ ስለ ሆነባቸው መንገዱን «ሪፓክ»፣ ማለት «እንደ ገና ሙላ» ብለው ሰየሙት። በ1977 ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ የተባለው ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ቴላዮ ሠራ። ዛሬ የተራራ ቢስክሌት የምንለው ከዚያ አሮጌ ብረት የተወለደ ነው፤ በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ለመሆን በቃ።

በእኛም አገር ቢስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባም በመንገድ ውድድር 24ኛ ወጡ። በእኛ ከተማ የሚያልፈው መንገድ በሚያደርስባት በመቀሌ የተወለደው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እኛ ግን ያሰብነው ለሽልማት ሳይሆን ለትምህርት ቤት ደወል መድረስን ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራችን እንመለስ። የቢስክሌት አጥንቱ ቴላዮው ነው። ጎማ ቢያረጅ ይለወጣል፤ ካቴና ቢበጠስ ይቀጠላል፤ ቴላዮ ግን በመንገድ ላይ ከተሰበረ የተቀመጠበትን ሰው ይዞ ይወድቃል። እኛም ሁለት ያረጁ ቢስክሌቶች አገኘን። አንደኛውን በክበባችን መዋጮ ገዛነው፤ ቴላዮው ቀይ ቀለም ተቀብቶ እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ሁለተኛው በአንድ ጓደኛችን ቤት ጓሮ ዶሮ ሲሰፍርበት የኖረ፣ ቀለሙ የተላላጠና የዛገ ነው። የትኛውን እንደ ወደድን መናገር አያስፈልግም። የዛገውን ከጥግ አቁመን ሥራውን በቀዩ ጀመርን፤ ለበዓሉም ቀን አጊጦ እንደሚቆም አስቀድመን ተነጋግረን ነበር።

መፍታት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ቢያዞሩት እየጠበቀ ይሄዳል። እኛ ይህን ሳናውቅ መዶሻ ስናነሣ፣ የሚያሠራን ባለሙያ «ልጆቼ፣ ብሎን የሚፈታው በማወቅ እንጂ በጉልበት አይደለም» ብሎ እጃችንን ያዘ። ከዚያ ወዲያ የፈታነውን ሁሉ በየቆርቆሮው ለየን። ከፊተኛው ጎማ ማዕከል በየጎኑ 10፣ ከኋለኛው በየጎኑ 9 የኩሽኔታ ኳሶች አወጣን፤ ቆጥረንም በጋዝ አጠብናቸው። የተቦረቦረ አንድ ኳስ ቢገኝ ሁሉም ይለወጣሉ፤ አንዱ ሌሎቹን ያበላሻልና።

ቀጥሎ ቀለሙን መፋቅ ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ በደረቁ ፍቆ ትቢያውን መተንፈስ ጤናን ይጎዳል። በእሳት ማቃጠልም ያው ነው። ስለዚህ ከክፍል ውጭ፣ አፋችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ ውሃ የማይበትነውን ጥቁሩን የብርጭቆ ወረቀት እየነከርን ፋቅን። ሥራው እጅን ያቆስላል፤ ልብን ግን ያነቃል። ምክንያቱም የሚፋቀው ለውበት ብቻ ሳይሆን ብረቱን ለማየት ነው። ቧንቧዎቹ የሚገናኙባቸው ቦታዎች፣ ይልቁንም ከመሪው ሥርና ከፔዳሉ ዙሪያ፣ ብዙ ጭንቀት የሚያርፍባቸው ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ከመሪው ሥር፣ ቁልቁል የሚወርደው ዋናው ቧንቧ በሚጀምርበት ቦታ፣ ቀዩ ቀለም ሲነሣ ነጭ ነገር ታየ። ብረት አልነበረም፤ ስቱኮ ነበር። በምስማር ስንጭረው ከሥሩ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ወጣ። ማን እንደ ሞላው አናውቅም። ሞልቶ ቀይ የቀባው ሰው ግን ስንጥቁን አይቶታል።

አሁን ልንሸሽገው የማይገባ ነገር እንነግራችኋለን። በዓሉ ሊደርስ የቀረው 2 ሳምንት ብቻ ነበር። ከመካከላችን «አስበይደን መልሰን ቀይ እንቀባው፤ ማን ያየዋል?» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ይህን ያለው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን። ባለሙያው የቧንቧው ብረት ስስ መሆኑን፣ የብየዳው ሙቀት ደግሞ በዳርና በዳሩ ያለውን ብረት እንደሚያደክም አስረዳን። ቢሆንም ክርክሩ አልቆመም፤ ቀዩ ቢስክሌት በዚህ መድረክ ላይ ቆሞ በዓይነ ኅሊናችን ይታየን ነበርና።

በዚህ ጊዜ ቢስክሌቷ የተሠራችላት ልጅ ቀረብ ብላ ጣቷን በስንጥቁ ላይ አኖረች። «ወደ ሆርማት ስወርድ ክብደቴ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውን?» ብላ ጠየቀች። ባለሙያውም «አዎን፣ ልጄ» አላት። ከዚያ በኋላ ስለ ቀይ ቀለም የተናገረ አልነበረም። በማግስቱ ያንን ቴላዮ በመጋዝ ለሁለት ቆረጥነው፤ ይህንም ያደረግነው እንደ ገና በስቱኮ ተሞልቶ ለሌላ ተማሪ እንዳይሸጥ ነው። መዋጯችን አብሮ ተቆረጠ፤ ነገር ግን አልተጸጸትንም።

ከዚያ ዶሮ የሰፈረበትን አነሣን። ዝገቱ የሚያስፈራ ነበር፤ ሲፋቅ ግን ከሥሩ ጤነኛ ብረት ወጣ። ዝገቱ ወደ ውስጥ የዘለቀበትን ለማወቅ ውሃ የሚጠራቀምበትን የፔዳሉን ዙሪያ በምስማር እየወጋን መረመርን፤ የትም አልበሳም። ቴላዮው አለመጣመሙንም በሲባጎ ለካን። ሲባጎው የኋላ ጎማ ከሚታሰርበት ከአንዱ ጎን ተነሥቶ በመሪው ቧንቧ ዞሮ ወደ ሌላው ጎን ይመለሳል፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ከመቀመጫው ቧንቧ ያለው ርቀት ይለካል። ሁለቱ ርቀቶች እኩል ሆነው አገኘናቸው። «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው በሰው ብቻ አለመሆኑን፣ ያማረው ደካማ፣ የተናቀው ብርቱ ሊሆን እንደሚችል ከሁለት ብረቶች ተማርን።

ቀሪዎቹን ዕቃዎች ከሁለቱም ቢስክሌቶች መረጥን፤ የጎደለውን ገዛን። በጎማ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተሳስተናል። 26 ኢንች የሚል አይተን የገዛነው ጎማ እምቢ አለ። በጎኑ የተጻፈውን ስናነብ 590 ይላል፤ የእኛ ቸርኬ ግን 559 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ጎማ የምትገዙ ሁሉ ኢንቹን ብቻ ሳይሆን ይህን ቁጥር አንብቡ። የመረጥነው ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው፤ ሰፊ ጎማ ነፋሱ ጥቂት ቀነስ ሲል በአሸዋ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰምጥም። ለእሾሁም ከአሮጌ ከመነዳሪ ረዥም ቅዳጅ ቆርጠን በጎማውና በከመነዳሪው መካከል አነጠፍን።

ቸርኬውን ከአሉሚኒየም መረጥን፤ የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲርስ ፍሬን ቶሎ አይዝለትምና። የጥርሱን ነገር በሒሳብ ወሰንን። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ቢስክሌቷ 5 ሜትር ያህል ትሄዳለች። የኋላውን 22 ስናደርገው 4 ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ በአሸዋ ላይ ግን ጉልበት አትጨርስም።

የማሪን ወጣቶች የጣሉትን ሁሉ አልጣልንም። እነርሱ ለመንሸራተት፣ እኛ ለመመላለስ ነው የምንሠራው። ፓራፋንጎው ጭቃ እየያዘ ጎማ ስለሚያቆም ፈታነው። የካቴናውን ሽፋን ግን ቀሚስ እንዳይገባበት ተውነው። የኋላውንም ዕቃ መጫኛ አጠበቅነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ደብተር፣ ወደ ቤት ደግሞ የውሃ ጀሪካን ይጫንበታልና።

ወላጆቻችን ሆይ! ቀለሙ የዘገየው ስለዚህ ነው። ዳግመኛ ስንጀምር ጊዜው አለቀብን። ለበዓሉ ብለን በእርጥቡ ቀለም ላይ ቀለም ብንደርብ በወሩ ይላላጣል። ስለዚህ ዝገት የሚከላከለውን አመዳማ ቀለም ብቻ ቀብተን አቀረብናት። ከመቀባታችን በፊት ግን መምህራችንንና የልጅቱን አባት ጠርተን ባዶውን ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳይተናል። አባቷም በእጃቸው ዳስሰው መረቁን። ለእኛ የበዓሉ ሽልማት ይህ ነበር።

በሚመጣው ሳምንት ቀለሟ ይቀባል። ቀለሙን የምትመርጠው ነጂዋ ናት። ሌሎቻችሁም በጓሮአችሁ የተጣለ ቢስክሌት ካለ ወደ ክበባችን አምጡልን፤ የዛገ ነው ብላችሁ አትፈሩ። አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን፤ ቀለም ቀብታችሁ አታምጡልን።