ስፌትና ሣሩ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጐንደር የእጅ ሥራ ሲነሣ አስቀድሞ የሚነገረው የገበያው ነገር ነው። ጐብኚ ሲመጣ ሙዳዩና መሶቡ ይሸጣል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን በወረርሽኙና በጦርነቱ ምክንያት ጐብኚው ሲቀንስ ስፌቱ አቧራ ለበሰ ይባላል። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ መሶብ፣ ሌማት፣ ሰፌድና ቁና ለጐብኚ ተብለው የተፈጠሩ ዕቃዎች አይደሉም፤ የተሠሩት እንጀራ ለሚበላውና እህል ለሚያበጥረው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የስፌትን ዕጣ በገዢው በኩል ብቻ መመልከት ግማሹን ማየት ነው። የቀረው ግማሽ ያለው በሣሩ ላይ ነው።

የሥራው ስልት ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰፊዋ አንድ እስር ሣር ትይዝና በወስፌ ቀዳዳ እያበጀች፣ መጠቅለያውን አሳልፋ ከሥሩ ካለው ዙር ጋር ታያይዘዋለች። ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ የሚያድገው ይህ እስር ስታጋድመው ሌማት፣ ስታቆመው መሶብ ይሆናል። ንድፉ በወረቀት አይሠራም። ጌጡ የሚወጣው ቀለም የተነከረውን አለላ በመቁጠር ብቻ ነውና፣ በአንዱ ዙር ቆጠራው የተዛነፈ እንደ ሆነ ዝንፈቱ እስከ አፉ ድረስ እየሰፋ ይሄዳል። ያን ጊዜ ያለው መፍትሔ መፍታት ነው፤ ስንት ቀን የተደከመበት ቢሆንም።

ተጠብቆ የተሰፋ መሶብ ወደ ፀሐይ ቢያነሡት ብርሃን አያሳልፍም። ሆኖም ሣር ነውና የእንጀራውን ወዝ ይመጥጣል፤ በላስቲክ ዕቃ የተከደነ እንጀራ ግን ያልበዋል። በሰሜን አሜሪካ የፓሲፊክ ጠረፍ የሚኖሩት የሃይዳና የትሊንጊት ሕዝቦች ከዛፍ ሥር የዝናብ ባርኔጣ ይሠራሉ፤ ሥሩ ውኃ ሲነካው ስለሚያብጥ የሽመናው ቀዳዳ ይደፈናል። በሁለቱም ዘንድ የሙያው መነሻ ተክሉ ከውኃ ጋር ያለውን ጠባይ ማወቅ ነው።

ተክሉ ካልተገኘ ግን ዕውቀቱ ብቻውን መሶብ አይሆንም። ስንደዶና አክርማ የሚለቀሙት ክረምቱ እንደ ወጣ ነው። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ የዘገየው ይሰበራል። የሚበቅሉትም በግጦሽ ቦታና በማሳ ዳር ስለ ሆነ፣ ወሰኑ ሲታረስና ግጦሹ ሲጠብ ለቀማው ይርቃል። አንዳንድ ሰፊ በሣሩ ፈንታ የናይለን ክር ብትጠቀም በስንፍና ሊፈረድባት አይገባም።

ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ሲወጣ ደግሞ ተራው የጓሳ ነው። ደገኛው ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል። በዚያ ተራራ ላይ ሣርና ጥበቃ ሲጋጩ ኖረዋል። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ፤ በመካከሉም በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ዋልያውን ለማዳን ግጦሹን መቀነስ ግድ ነበር። የሣር ዐጨዳና የከብት ግጦሽ ግን አንድ አይደሉም፤ በአንድነት መታየታቸው ጉዳት አለው።

ልዩነቱን አስቀድሞ ያወቀው የመንዝ ሕዝብ ነው። በዚያ የሚገኘውን የጓሳ ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት በአለቃ እያስጠበቀ፣ ለብዙ ዓመታት ይዘጋውና በተወሰነ ቀን ይከፍተው ነበር። ለዝናብና ለብርድ የሚለበሰው ገሳም የሚሠራው ከዚሁ ሣር ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ ግን ገበሬዎቹ በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን መልሰው አቋቁመዋል።

ለሰሜን ጐንደር ቀበሌዎች የሚበጀውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲወጣ ከየማሳው ወሰን ጥቂት ክንድ ሳይታረስ ቢቀር፣ የለቀማውም ቀን በመስከረም ተወስኖ ቢነገር በቂ ነው። ቀኑን የሚወስነው ጉባዔ ግን ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ከሆነ ስንደዶው መቼ እንደሚደርስ የሚነግረው አያገኝም።