ማላገጥ ሰውን ያርማልን?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬ የቀረበልን ጥያቄ በመጽሔታችን የመጨረሻ ገጽ በአባሎቻችን ላይ የምናላግጥበት ዓምድ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚል ነው። ዓምዱን የምንጽፈው እኛው ስለሆንን እንደምንወደው አንሸሽግም። ከመጽሔቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚነበበውም እርሱ ነው። ሲወቅሱን የምንሰጠው መልስ ግን ምንጊዜም አንድ ነው፤ ሰው በሳቅ ይታረማል እንላለን። በእርግጥ ይታረማልን?

ማላገጥ ኃይል የለውም የሚል ቢኖር የአገራችንን የእጅ ሥራ ታሪክ ይመልከት። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያልን ስንሣለቅበት ኖረናል። የሠራተኛው ልጅ የአባቱን ሙያ ደበቀ፤ የጨዋ ልጅ የሚባለውም መዶሻ መያዝን እንደ ውርደት ቈጠረው። ነገሩ እጅግ ስለ ከፋ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ። እንግዲህ ሳቅ ሰውን ከያዘው ነገር ሊያባርረው ይችላል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያሳየውም።

ሌላው ምሳሌ የእኛው የተማሪዎቹ ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የልብስ ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። በድኻ አገር መካከል የባዕድ ቅንጦት አይታይም ብለው የተቃወሙት ተማሪዎች ቁም ነገር ነበራቸው። ቁም ነገሩ ግን ወደ ስድብ ተለወጠ፤ እንቁላልም ተወረወረ። ስድቡ የወረደው በማን ላይ ነው? በሴቶቹ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፤ አጭሩ ቀሚስ ግን በከተማው መለበሱን አልተወም። የተቃውሞውን ምክንያት ለመስማት ፈቃደኛ የነበረች እኅት ብትኖርስ፣ ከዚያ ስድብ በኋላ በምን አፍ ይነገራት ነበር?

በሹም ላይ ማላገጥ ሌላ ነገር ነው። ሹሙ ባይለወጥም የሚስቁት ሰዎች ብቻቸውን አለመሆናቸውን ያውቃሉ። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ነገር ግን የዛሬው ጉዳያችን ስላልሆነ እንለፈው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት እዚሁ አገር ተወልዶ ያደገ አንድ ወንድማችን አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየደባለቀ ተናገረ። እኛም ንግግሩን በዓምዳችን ላይ ቃል በቃል እየቀዳን አላገጥንበት፤ እናንተም ሳቃችሁ። ወደ ማኅበሩ የመጣው አማርኛ ሊማር መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። በሦስተኛው ቀረ። አማርኛውን አረምንለት ብለን እንድንኮራ ነውን?

ስለዚህ ዓምዱ በአባሎች ላይ ማላገጡን እንዲያቆም ሐሳብ እናቀርባለን። ለወንድማችንም የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈናል። እኛ ፈርመናል፤ የሳቃችሁም እንድትፈርሙ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑረነዋል።