ተራራችንንና ገዳማችንን ማን ያንሳው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ለመጪው ዓመት አሳትመን የምንሸጠው የቀን መቁጠሪያ የጎደለው ፎቶ ብቻ ነው። «የላሊበላ ፎቶ በኢንተርኔት ሞልቷል፤ ከዚያ እናውርድ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ በሒሳብ በኩል ያለነው አልተስማማንም። የሰውን ፎቶ ሳያስፈቅዱ አትሞ መሸጥ ያልከፈሉትን ዕቃ እንደ መሸጥ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለን።

ለወሎ ደጋ ካሜራ እንግዳ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺ ወታደሮችን ይዞ ነበር። አምባውንና ተራራውን አንስተዋል፤ የካሜራው ትልቁ ሥራ ግን ለመኮንኖቹ የመንገድ ካርታ ማባዛት ነበር። ኋላ ቱሪስቱ መጣ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቆሞ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለውን ጣራ ያላነሳ ጎብኚ የለም ማለት ይቻላል። ፎቶው ግሩም ነው። ነገር ግን ከታች ያለውን፣ የሰው እግር ያለሰለሰውን ድንጋይ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ደጁን የምትሳለመውን እናት አያሳይም። በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከለውን የብረት መጠለያም ብዙዎች ከፎቶው ይቆርጡታል። እኛ ይታይ እንላለን፤ ድንጋዩ ዝናብ እየበላው መሆኑን የሚናገረው እሱ ነውና።

በእኛ ላይም ይኸው ይደርሳል። ለሪፖርት ፎቶ ስንነሳ «ጭነቱን እንደያዛችሁ ቁሙ» እንባላለን። ስንስቅ የተነሳነው አይመረጥም። (ደጋፊዎቻችን ይቅርታ፣ እናንተን ለመውቀስ አይደለም።)

ስለዚህ ራሳችን እንሂድ። በድልብ ሽቅብ ወጥተን፣ በጋሸና አድርገን ላሊበላ፣ ከዚያ ይምርሐነ ክርስቶስ። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ብርሃን ያንሳል። ፍላሽ አናበራም፤ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፈን ትንፋሽ ይዘን እናነሳለን። አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራውና ጭላዳው እዚያ አሉ። በሐምሌ ጉም ይሸፍነዋል፣ በበጋ አቧራው ሩቁን ያደበዝዛል። ዝናቡ አየሩን አጥቦ ሲያበቃ፣ ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ማለዳ መገኘት ነው።

የበጀቱ ሐሳብ ይኸው ነው። ካሜራ አንገዛም፤ የአባላት ስልክ ይበቃል። የትራንስፖርትና የመግቢያ ወጪ ከሽያጩ ይመለሳል፤ ሽያጩ ባይሳካ ከቁጠባችሁ አንድ ብር አይነካም፣ የምንችለው ከማኅበራዊ መዋጮው ብቻ ነው። ካህናቱን ሳናስፈቅድ አናነሳም፣ ወደ መቅደሱ ካሜራ አናዞርም። በመንገድ የምናገኛት እንጨት ተሸካሚ ሴትም ትጠየቃለች፤ እንቢ ካለች እንለፋት። እሺ ካለችና ፎቶዋ ከታተመ ድርሻዋ በደረሰኝ ይከፈላታል፣ መዝገብ ላይም ይሰፍራል።

ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ፤ ወፍራም ጋቢ አትርሱ።